ድረ ገጽ ሲታደስ የቆየውን የዶሜይን ስም ስለ መጠበቅ

በድሬ ዳዋ የሚገኙ አስመጪዎችና ላኪዎች፣ ከባለ ሱቆችም አያሌዎቹ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኢንተርኔት ላይ የየራሳቸውን ድረ ገጽ አቁመዋል። ቀድሞ የተሠራው አሮጌ ሆኖ ሲታይ፣ ወይም በእጅ ስልክ ላይ በደንብ ሳይከፈት ደንበኛን ሲያሰለች፣ ባለቤቱ ዐዲስ ለማሠራት ይነሣል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከባለሙያው ጋር ስለ ዋጋው፣ ስለ ቀለሙና ስለ ሥዕሉ ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል፤ ይኸውም ደንበኞች እስከ ዛሬ የሚያውቁት ስም በዐዲሱ ላይ እንደ ምን ሆኖ ይዘልቃል የሚለው ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ስም ላይ የሚመላለሰው የዋጋ ስምምነት፣ የባንክ ወረቀትና የጭነት ማስታወቂያ ስለ ሆነ፣ ስሙ ለሦስት ቀን እንኳ ቢሰወር የሚያስከትለው ጉዳት ድረ ገጹ ከተሠራበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ለማስረዳት ከፖስታ ሣጥን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ነጋዴው በፖስታ ቤት ሣጥን ተከራይቶ ቁጥሩን በማኅተሙና በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያሳትማል። ሱቁን ከከዚራ ወደ መጋላ ቢያዛውር፣ ከዚያም ወደ ሳቢያን ቢወጣ፣ የሣጥኑ ቁጥር ያው ነው፤ ደብዳቤውም ሳይጠፋ ይደርሰዋል። የዶሜይን ስምም እንዲሁ ነው። ድረ ገጹ ሱቁ ነው፤ ድረ ገጹ ያረፈበት ሰርቨር ሱቁ የተከራየው ቤት ነው፤ ስሙ ደግሞ ሣጥኑ ነው። ሦስቱም በተለያየ ውል ይያዛሉ፣ በተለያየ ጊዜ ይከፈልባቸዋል፣ አንዱ ሲለወጥም ሌላው የግድ አይለወጥም። ብዙ ሰው ግን ሦስቱን ከአንድ ባለሙያ እጅ በአንድ ደረሰኝ ስለ ገዛ አንድ ዕቃ ይመስሉታል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ይህች ከተማችን ራሷ የስምን ጽናት ታውቃለች። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ዐዲስ የተቆረቆረው ከተማ «አዲስ ሐረር» እንዲባል ታስቦ ነበር፤ የጸናው ግን የቦታው የቆየ ስም ነው። በ2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪኩ ባቡር ሲመረቅም ጣቢያው ከከዚራው ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር ወጣ፤ መጠሪያው ግን ያው ድሬ ዳዋ ሆኖ ቀረ። ተጓዡ አዲስ አበባ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው በስሙ ነው እንጂ ሕንፃው የት እንዳረፈ አይደለም።

አድራሻ በሌላ ስም ላይ ሲንጠለጠል የሚሆነውንም የአገራችን ነጋዴ አይቶታል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1989 ዓ.ም. የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር ደንበኞቹ የያዙት የኢሜይል አድራሻ «ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ» በሚል የሚያልቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ደግሞ «ኢትዮኔት ነጥብ ኢቲ» የሚለው መጣ። በነዚያ ዘመናት የታተሙትን የላኪዎች ማውጫዎች ያገላበጠ ሰው ሁለቱንም አድራሻዎች ያገኛቸዋል። ኮርፖሬሽኑም ራሱ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ቦታውን ለኢትዮ ቴሌኮም ለቀቀ። ድርጅት መታደሱና ስሙን መለወጡ የተለመደ ነገር ነው፤ ማንንም አያስወቅስም። ሆኖም የነጋዴው አድራሻ በአቅራቢው ስም የሚያልቅ እስከ ሆነ ድረስ፣ አቅራቢው ስሙን በለወጠ ቁጥር ነጋዴውም የደብዳቤ ወረቀቱን እንደ ገና ለማሳተምና ለውጭ አገር ደንበኞቹ ሁሉ ለመጻፍ ይገደዳል። የራሱ ዶሜይን ስም ያለው ነጋዴ ግን አገልግሎቱን ከማንም ቢገዛ አድራሻው አይነካበትም። በጂሜይል ወይም በፌስቡክና በቴሌግራም ገጽ ብቻ የሚነግዱ ባለ ሱቆቻችንም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ገጹ የእነርሱ ቢመስልም ቤቱ የሌላ ነው።

ስም ሀብት መሆኑን ሕጋችንም ከተቀበለ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ከመተካቱ በፊት፣ የንግድ ስምን ከመደብሩ ግዙፍነት ከሌላቸው ሀብቶች መካከል ቆጥሮት ነበር። ዶሜይን ስም በዚያ ዘመን አልታሰበም፤ ነገር ግን ነጋዴው ዛሬ በእጁ ካሉት ግዙፍነት ከሌላቸው ነገሮች መካከል ይህን ያህል በየቀኑ የሚሠራለት ሌላ ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን።

አንዳንድ ድረ ገጽ ሠሪዎች «ዐዲስ ገጽ ከሠራን ዐዲስ ስም ይኑረው» ሲሉ ይመክራሉ። የድርጅቱ ስም ራሱ ካልተለወጠ በቀር ይህን ምክር አንደግፈውም። ምክንያታችንም ግልጽ ነው። በዛሬው ጊዜ አጭበርባሪዎች የነጋዴን ስም በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ዶሜይን እያስመዘገቡ፣ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧልና ገንዘቡን ወደዚህ ላኩ» እያሉ ለገዢዎች ይጽፋሉ። በዚህ የተነሣ በውጭ አገር ያሉ ጠንቃቃ ገዢዎች ካልለመዱት አድራሻ የመጣን ደብዳቤ በጥርጣሬ ያዩታል። ለአሥር ዓመት በአንድ ስም ሲጽፍላቸው የኖረ ላኪ በድንገት በሌላ ስም ቢመጣ፣ እውነተኛው እርሱ ራሱ ሆኖ ሳለ እንደ አጭበርባሪ ሊታይ ይችላል።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ እንለፍ። ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ሰው ግን ረጅም ቁጥር ማስታወስ ስለሚከብደው ስምን ከቁጥር ጋር የሚያገናኝ መዝገብ አስፈለገ። የዛሬው አሠራር የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የአገራችን መለያ የሆነው «ነጥብ ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 የተሰጠ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። «ነጥብ ኮም» የሚባሉት ስሞች ግን በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ መዝጋቢ ድርጅቶች በኩል ይሸጣሉ። ይሸጣሉ ማለታችን በልማድ ነው እንጂ ስሙ በዓመት የሚከራይ ነው፤ ኪራዩ ካልታደሰ ለሌላ ይሰጣል።

በእያንዳንዱ ስም ሥር አንድ ትንሽ ዝርዝር አለ። ባለሙያዎች «ኤ» የሚሉት መስመር ድረ ገጹ ያረፈበትን ሰርቨር ቁጥር ይናገራል። «ኤም ኤክስ» የሚባለው ሌላው መስመር ደግሞ ኢሜይል ወደ የትኛው ሰርቨር እንዲደርስ ያመለክታል። በስሙ የሚላከው ደብዳቤ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክሩ ሌሎች መስመሮችም አሉ። ዝርዝሩ ራሱ የሚቀመጥበት ቦታ «ኔም ሰርቨር» ይባላል። ድረ ገጽን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለማዛወር ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን መስመር መለወጥ ብቻ ነው። ስሙን ከመዝጋቢው ማንሣት፣ ኢሜይሉን መንካት፣ ዐዲስ ስም መግዛት አያስፈልግም።

በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ዐዲሱ ባለሙያ ለራሱ ሥራ እንዲቀለው ኔም ሰርቨሩን በሙሉ እርሱ ወደሚሠራበት ድርጅት ይለውጠዋል። በዚያ የሚከፈተው ዐዲስ ዝርዝር ባዶ ስለ ሆነ የድረ ገጹን መስመር ይጽፍና የኢሜይሉን ይዘነጋል። በማግሥቱ ድረ ገጹ አምሮ ይታያል፤ ባለቤቱም ይደሰታል፤ ኢሜይል ግን አይገባም። ደብዳቤ አለመምጣቱ ደግሞ እንደ ተሰበረ በር ወዲያው ዐይን ውስጥ አይገባም። ባለቤቱ ገበያው የቀዘቀዘ መስሎት ሳምንት ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ለላኪ ምን ማለት እንደ ሆነ በአኀዝ እንመልከት። አንድ የሐረር ቡና ላኪ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ለጅዳ ገዢ ጭነት አሳፈረ እንበል። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 600 መሠረት፣ በክሬዲቱ ላይ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር፣ ሰነዶቹ ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ የክሬዲቱ ዘመን ሳያልፍ፣ ለባንክ መቅረብ ይገባቸዋል። በዚህ መካከል ገዢው በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ረቂቅ ላይ አንድ ቃል እንዲታረም ይጽፋል፤ ደብዳቤው ግን «እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» ተብሎ ይመለስበታል። እንደ ገና ይጽፋል፤ እንደ ገና ይመለስበታል። ስልክ እስኪደውል ድረስ ከ21ዱ ቀን ሰባቱ ካለፉ፣ ላኪው ሰነዱን ለማሳረምና ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጂኑን ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ለማስማማት የሚቀረው ጊዜ እጅግ ጠባብ ነው። ሰነዱ ከዘገየ ባንኩ ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል። ቡናው በባሕር ላይ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ በገዢው በጎ ፈቃድ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። የተቀባዩ ሰርቨር ለጊዜው ቢዘጋ የላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ይዞ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት እየደጋገመ ይሞክራል። ደብዳቤው ባልተዘጋጀ ሰርቨር በር ላይ ቢደርስ ግን ወዲያውኑ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ለኢሜይል ከተሳሳተ በር የተዘጋ በር ይሻለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ስሙ በማን እጅ እንዳለ ነው። ለብዙ ዘመን ከአገራችን ሆኖ ለውጭ መዝጋቢ ድርጅት በካርድ መክፈል ለነጋዴው አስቸጋሪ ነበር። በዚህም ምክንያት «ነጥብ ኮም» ስም የፈለገ ሰው በዱባይ ወይም በዋሽንግተን ያለ ዘመዱን አስከፍሏል፤ ወይም ጉዳዩን ሁሉ ለድረ ገጽ ሠሪው ትቶለታል። የከፈለው ሰው በመዝገቡ ላይ የራሱን ስምና የራሱን ኢሜይል ጻፈ። ይህ በክፋት የተደረገ አይደለም፤ ቅጹ ስም ስለ ጠየቀ የሞላው የራሱን ነበር። ነገር ግን በመዝጋቢው ፊት የዶሜይኑ ባለቤት ነጋዴው ሳይሆን ያ ሰው ሆነ።

ዓመታት ያልፋሉ። ወጣቱ ሠሪ ሥራ ለውጦ ወይም አገር ለቅቆ ይሄዳል። ዘመድ ካርዱን ይለውጣል፤ የዕድሳት ማስታወቂያውም ከማይከፍተው የቆየ ኢሜይል ውስጥ ይገባል። አንዳንዴም መካከላቸው ቅሬታ ይገባና ስሙ መያዣ ይሆናል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ዐዲስ ድረ ገጽ ለማቆም በተነሣ ጊዜ፣ ዐዲሱ ባለሙያ «የመዝገቡን መግቢያ ስጡኝ» ሲለው ነው። በዚያን ጊዜ በሽማግሌ እንኳ የማይፈታ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የውጭው መዝጋቢ የሚያምነው በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ስም ነውና።

ስለዚህ ዐዲስ ድረ ገጽ ከማዘዛችሁ በፊት፣ ከቀድሞው ሠሪ ጋር ፍቅር ሳለ፣ በመዝገቡ ላይ የድርጅታችሁ ስምና እናንተ የምትቆጣጠሩት ኢሜይል እንዲጻፍ አድርጉ። ይህ ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ የተመሠረተ ባይሆን ይመረጣል፤ ስሙ ሲዘጋ ኢሜይሉም አብሮ ተዘግቶ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ መድረሻ ያጣልና። መግቢያ ቃሉን ከንግድ ፈቃዱና ከውክልናው ጋር በካዝና ማስቀመጥ ለአንዳንዶች የተጋነነ ይመስላቸው ይሆናል። እኛ ግን ስፍራው እዚያ ነው እንላለን። «ነጥብ ኢቲ» ስም የያዙም ምዝገባው በማን ስም እንዳለ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ማረጋገጥ ይገባቸዋል።

ኪራይ መርሳት የትንንሾች ብቻ ስሕተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ታላቁ ማይክሮሶፍት «ፓስፖርት ነጥብ ኮም» ለተባለው ስሙ መከፈል የነበረበትን 35 ዶላር ሳይከፍል ቀርቶ፣ የሆትሜይል ደንበኞች ወደ ደብዳቤያቸው ለመግባት ተቸግረው ነበር። በኋላ ገንዘቡን የከፈለለት የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። «ነጥብ ኮም» ስም ዘመኑ አልፎ መዝጋቢው ከሰረዘው በኋላ ቀድሞ የያዘው ሰው የሚዋጅበት የ30 ቀን ዕድል አለው፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ይሆናል። መዋጃው ከተለመደው ዕድሳት ብዙ ጊዜ እጅግ ይወደዳል። ስሙ በሌላ እጅ ከገባ ደግሞ ዐዲሱ ባለቤት ለቀድሞው ነጋዴ የሚጻፉትን ኢሜይሎች ሁሉ መቀበል ይችላል፤ ከነዋጋ ስምምነታቸው፣ ከነባንክ ቁጥራቸው። ይህን ስም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት መክፈል ስለሚቻል፣ የውጭ ምንዛሪ በተገኘ ጊዜ የጥቂት ዓመታቱን አስቀድሞ መክፈል ብልኅነት ነው።

የዝውውሩ ሥራ ራሱ እንግዲህ ብዙ አይከብድም። ዐዲሱ ድረ ገጽ በጊዜያዊ አድራሻ ተሠርቶ ያልቃል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ አሮጌው እንደ ቆመ ነው። አሁን ያለው የስሙ ዝርዝር፣ የኢሜይሉ መስመሮች ሳይቀሩ፣ በወረቀት ይገለበጣል። ኔም ሰርቨሩን መለወጥ የግድ ከሆነ መስመሮቹ ሁሉ በዐዲሱ ላይ አስቀድመው ይጻፋሉ። በዓለም ያሉ ሰርቨሮች የስሙን ዝርዝር ቀድተው ለተወሰነ ጊዜ ስለሚይዙት፣ ይህ ጊዜ 86400 ሰኮንድ ወይም አንድ ቀን ሆኖ ተጽፎ ከሆነ፣ ከዝውውሩ ሁለት ቀን በፊት ወደ 300 ሰኮንድ ዝቅ እንዲል ባለሙያውን ማዘዝ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ለውጡ በደቂቃዎች ይታያል፤ ስሕተት ቢገኝም በደቂቃዎች ይመለሳል። በዐዲሱ ሰርቨር ላይ የደኅንነት ምስክር ወረቀቱ ካልተዘጋጀ ግን ጎብኚውን የሚቀበለው የማስጠንቀቂያ ገጽ ስለ ሆነ ይህም አይዘንጋ።

ስሙን ከአንዱ መዝጋቢ ወደ ሌላው ማዛወር ሌላ ጉዳይ ነው። የሚፈልግ ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ ከቀድሞው መዝጋቢ የፈቃድ ኮድ ይቀበላል። «ነጥብ ኮም» ስም ከተመዘገበ ወይም ከተዛወረ በኋላ ለ60 ቀን ያህል እንደ ገና አለመዛወሩም የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህንና የድረ ገጹን ለውጥ በአንድ ሳምንት ማድረግ አይመከርም። አንድ ነገር ቢበላሽ ጥፋቱ ከየትኛው እንደ መጣ ለማወቅ ያስቸግራል።

በአሮጌው ድረ ገጽ ላይ የነበሩት ገጾች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አድራሻ ነበራቸው። የገዢዎች ማውጫዎችና ጉግል የሚያውቋቸው በዚያው አድራሻ ነው። በዐዲሱ ላይ የቡናው ገጽ ሌላ አድራሻ ከተሰጠው፣ አሮጌውን የሚጠይቅ ሁሉ ወደ ዐዲሱ እንዲመራ 301 የተባለው ቋሚ መዛወሪያ ይደረግለት። ጉግል ራሱ ይህ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል።

አሮጌውን ሰርቨር ወዲያው ማሰናበትም ስስት ነው። በሥሩ የተከማቹት ኢሜይሎች ካልተገለበጡ ኪራዩ በተቋረጠ ጊዜ አብረው ይጠፋሉ፤ ከነዚያ መካከል ደግሞ ክርክር ቢነሣ በማስረጃነት የሚያስፈልጉ የውል ደብዳቤዎች ይኖራሉ። ተጨማሪ የአንድ ወር ኪራይ ቢከፈል አያስቆጭም።

ስለ ቀኑ ምርጫ አንድ ነገር እንጨምር። የሳዑዲ ዐረቢያ መሥሪያ ቤቶች ዓርብና ቅዳሜ፣ የአውሮፓዎቹም ቅዳሜና እሑድ ስለሚያርፉ፣ ለሁለቱም ወገን ደብዳቤ የሚቀንስበት ቀን ቅዳሜ ነው። ዝውውሩ ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ፣ ከዚያው ከሰዓት በፊት ከውጭ አድራሻ ወደ ድርጅቱ፣ ከድርጅቱም ወደ ውጭ የሙከራ ኢሜይል ይላክ፤ መልሱ ሳይደርስ ባለሙያውን አታሰናብቱት።